ከ«ላኪ» እስከ «ይድረስ»፦ የሞያሌ መንገዴ

ሞያሌ፣ ያውም የኬንያዋ ሞያሌ፣ ደርሼ መጣሁ። ሰው ኬንያ ሄጄ መጣሁ ሲል «አንበሳ አየህ? ዝሆን አየህ?» ይሉታል። እኔ ያየሁት ባዶ ቦቴ ነው። ባዶዋን ያስኬድኳትም እኔው ነኝ። የሠፈሬ ሰው በየተራ እየመጣ ከሚያስለፈልፈኝ አንዴ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

በመጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ። በጉብዝናዬ ወራት፣ አንድ ኮምፒውተር አንድ ክፍል ሙሉ በሚይዝበት ዘመን፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የማሽን ክፍል እሠራ ነበር። እኛ ካርድ እንበሳለን፣ ማሽኑ ካርድ ይበላል፤ ካልጣመው ይተፋዋል። አብሮኝ የሚበሳ ከድር የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ከድር ክፉ ጊዜ መጣና ተሰደደ። ዛሬ ስደተኛነቱ ቀርቶ ሞያሌ ላይ የከባድ መኪና መለዋወጫ ይሸጣል። ልጁ ዘይነባ ናይሮቢ ኮምፒውተር ተምራ አባቷ ዘንድ ተመልሳለች። እሷ ናት በስልክ የጠራችኝ።

«አጎቴ፣ ቋንቋ እየሠራሁ ነው» አለችኝ። «አባቴ ‹ቋንቋ ከሆነ መኩሪያን ጥሪው፤ ጡረታውን ሙሉ ማንም የማይናገረው ቋንቋ ሲሠራ ነው የኖረው› አለኝ።»

ከድር አልዋሸም። በአማርኛ ማሽን የሚታዘዝበት ቋንቋ ሠርቼ ነበር። ተናጋሪው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አሁን አሁን እኔም ረስቼዋለሁ።

የዘይነባው ግን ቁም ነገር ነበረው። በድርቅ ወራት ወደ ጎልቦና አካባቢው መንደሮች ውኃ የሚያመላልሱ ቦቴዎች አሉ። የትኛዋ የት ትሂድ የሚለውን የሚወስነው ከተማ የተቀመጠ አንድ ላኪ ሰው ነው። እሱ ለሚያውቀው ያስቀድማል፤ ማንንም የማያውቅ መንደር መጨረሻ ላይ ይታወሳል። ዘይነባ የየመንደሩ እናቶች በስልካቸው አጭር መልእክት ጽፈው ቦቴ በቀጥታ የሚያዙበትን ፕሮግራም ሠራች። የውኃ ማኅበሩ ሽማግሌዎች እስከ ቅዳሜ ቀጠሯት። ቅዳሜ እናቶቹ ያለ እሷ እገዛ ቦቴ ማዘዝ ከቻሉ መኪኖቹ በእናቶቹ ቃል ይሄዳሉ። ካልቻሉ ሁሉም ነገር ወደዚያ ሰውዬ ይመለሳል።

ማክሰኞ

ሳይነጋ በአውቶቡስ ከአዲስ አበባ ተነሳን። ሞጆን እንዳለፍን ጋዜጣ ላነብ እጄን ኪሴ ስከት የያዝኩት የባለቤቴን መነጽር ሆኖ አገኘሁት። ቀይ ነው፤ ጫፉ ላይ ፈርጥ አለው። እኔ እሷን አንድ ቀን እንኳን አተኩሬ አይቻት የማላውቅ ሰው፣ ሳምንቱን ሙሉ ዓለምን በእሷ ዓይን ሳይ ከረምኩ።

ዲላ የምትወርድ አንዲት ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መነጽሩን አይታ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ለማሽን ቋንቋ ልሠራ ነው አልኳት።

«ማሽን ምን ቋንቋ ያስፈልገዋል? ቁልፉን መጫን ነው እንጂ» አለችኝ።

እኔም ለማብራራት አልሰንፍም፤ ባለቤቴ ትመስክር። «ታክሲ ውስጥ ነሽ እንበል» አልኳት። «መውረድ ፈለግሽ። ለሾፌሩ ‹እግርህን ከነዳጁ አንሳ፣ ፍሬን ርገጥ፣ መሪ ወደ ቀኝ አዙር› ትይዋለሽ? አትይም። የድሮ ማሽን ግን እንደዚያ ካልተባለ አይቆምም ነበር። ከዚያ ‹አቁም› ስንለው የሚገባው ሆነ፤ ተመስገን አልን። እኔን መሰል ሰዎች ዕድሜያችንን የፈጀነው ከዚያ በላይ ያለውን፣ ትንሽ ተናግረን ብዙ የሚገባውን ቋንቋ ስንፈልግ ነው።»

«ታክሲ ውስጥ እኮ ‹አቁም› አንልም» አለችኝ። «‹ወራጅ አለ› ነው የምንለው።»

ሳቅኩና ጋዜጣዬን ገለጥኩ። ያን ጊዜ ጆሮዬን ብከፍት ኖሮ የቀረውን መንገድ መሄድ ባላስፈለገኝ።

ያቤሎ አደርኩ። የማደሪያዋ ባለቤት ቧንቧው ውኃ ካቆመ መሰንበቱን ይቅርታ ጠይቃ፣ አንድ ጆግ ውኃ ራሷ ይዛ መጣች። እግሬ ላይ ቀስ አድርጋ እያፈሰሰች «ሽማግሌ በአቧራ አይተኛም» አለችኝ። እኔ ቤቴ ቧንቧ ለአንድ ቀን ሲጠፋ ለቀበሌ፣ ለጎረቤት፣ ለመንግሥተ ሰማያት ሳይቀር አቤት የምል ሰው ነኝ። እዚያ ግን በዚያች ጆግ ታጥቤ፣ ተርፎ ፊቴንም ታጠብኩበት።

ረቡዕ

ከያቤሎ ወደ ታች መሬቱ እየቀላ፣ ቁጥቋጦው እየተበተነ ይሄዳል። ሰው የሚያህሉ የምስጥ ኩይሳዎች በየመንገዱ ቆመዋል። በዚያ መነጽር ከሩቅ ሳያቸው ለአንዱ እጄን አንስቼ ሰላምታ ሰጥቻለሁ። አልመለሰልኝም፤ አዲስ አበባም የለመድኩት ነው።

ሞያሌ አንድ ከተማ ሆና መሐሏ ድንበር ያለፈባት ናት። ወዲህ በኩል ሻይ ጠጥቼ፣ በእግሬ ተሻግሬ ወዲያ በኩል ደግሞ «ቻይ» ጠጣሁ። መልኩ አንድ ነው፤ የወዲያኛው ግን ከመጀመሪያው በወተት ተፈልቶ ይመጣል። የድንበሩ ሠራተኛ ፓስፖርቴን፣ ከዚያ መነጽሬን፣ እንደገና ፓስፖርቴን አየና «ካሪቡ ምዜ» አለኝ። «እንኳን ደህና መጡ ሽማግሌው» ማለቱ ነው። የሽማግሌነቴን ማኅተም ከሁለት አገር አገኘሁ።

ኬንያ ውስጥ መኪና የሚነዳው በግራ ነው። እኔ ደግሞ እንደ አገሬ ግራ ቀኜን ሳይሆን ግራዬን ብቻ አይቼ ገባሁ። ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ጉልበቴን ታክኮ ቆመ። ልጁ ይሰድበኛል ስል ወርዶ ሻንጣዬን አንስቶ፣ እጄን ይዞ አሻገረኝ። «ፖሌ ምዜ፣ ፖሌ» እያለ፤ ይቅርታ ሽማግሌው ማለቱ ነው። ገንዘብ ልሰጠው ብል እንቢ አለ።

ማዶ ላይ ሽርጥ ያገለደመ፣ ጢሙን ሂና የቀባ ሰውዬ ሆዱን ይዞ ይስቃል። ከድር ነበር።

«አንተ ካርድ በሺ! ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ መጥተህ እዚህ ልትሞትብኝ ነው? ደግሞ ይሄ ምንድነው ዓይንህ ላይ የለጠፍከው?»

«ፋሽን ነው» አልኩት። ተቃቅፈን ቆየን። ሁለታችንም ዓይናችን ውስጥ አቧራ ገባ፤ ሞያሌ አቧራ አያጣም።

ሐሙስ

ቁርስ ማንዳዚ በላን፤ የእኛው ብስኩት ይመስላል፣ ግን ባለ ሦስት ማዕዘን ነው። ከዚያ ዘይነባ ከሱቁ ጀርባ ወዳለችው ክፍሏ ወሰደችኝ። ፈጣን ልጅ ናት። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ስዋሂሊና እንግሊዝኛ ሳትሰናከል ታልፋለች።

«እይ እስቲ አጎቴ። የጎዶማ መንደር እናቶች ‹ውኃ ላክ ጎዶማ› ብለው ይጽፋሉ። መልእክቱ እዚህ ስልክ ላይ ይገባል፣ ማሽኑ ቦቴ ይመርጣል፣ ለሾፌሩ መልእክት ይደርሰዋል። ሲምፕል!»

ቀዩን መነጽር አፍንጫዬ ላይ አስተካከልኩ። «ላክ? ማንን ነው ‹አንተ› የሚሉት? መኪና በአማርኛ እሷ ናት። ማሽንም እሷ ናት። ‹ላኪ› ነው የሚባለው።»

«ሞያሌ ላይ ሁሉንም አንተ ነው የምንለው አጎቴ። እናትም አንተ፣ ፍየልም አንተ።»

«እሱማ ስህተት ነው!»

ከድር ከሱቁ ሆኖ ጮኸ፦ «ዘይኑ፣ ተጠንቀቂ! ይሄ ሰውዬ ማሽን ተቃጥሎ ሲጨስ ‹ጭሱ ወንድ ነው ሴት?› ብሎ የሚጠይቅ ነው!»

እኔ ግን ተያያዝኩት። እንግሊዝኛ ትእዛዝ ሲሰጥ አንድ ቃል ወርውሮ ይሄዳል፤ አማርኛ ግን ከማዘዝህ በፊት የምታዘውን ሰው እይ ይልሃል። ወንድ ነው? ሴት ናት? አንቱ የሚባሉ ናቸው? ብዬ ረጅም ንግግር አደረግኩ። ልጅቷ የአባቷን እንግዳ ማሳፈር አልሆነላትም። «እሺ አጎቴ» አለችና «ላኪ»ን ጨመረች። ከዚያ ጎዶማ ላሉት ለማማ ጉዮ ደወለች። ማማ ጉዮ የጎዶማን ውኃ ጉዳይ የሚመሩ፣ ድንበር ላይ የግመል ወተት እየሸጡ አማርኛ የለመዱ ሴት ናቸው።

«ማማ፣ ከዛሬ ጀምሮ ‹ላኪ› ብለህ ጻፍ።»

«ለማን ነው?» የማማ ድምፅ ከስልኩ ይሰማል።

«ለመኪናዋ።»

«መኪና ሴት ሆነች? መቼ?»

ያም ሆኖ ጻፉ። «ውኃ ላኪ ጎዶማ» የሚለው መልእክት ገባ፤ ማሽኗም ለሾፌሩ ትእዛዝ አስተላለፈች። እኔ ሻዬን አነሳሁ። በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ የሆነ ትክክለኛ ሰዋስው በኮምፒውተር ሲሄድ አየሁ ብዬ በጣም ነበር የኮራሁት።

ዓርብ

ድሉን ቆመን ልናይ፣ በከድር አሮጌ ፒክአፕ ሦስታችን ወደ ጎዶማ ወጣን። ከፊታችን የሄደችውን የቦቴዋን አቧራ ከሩቅ እናያለን። «ስትፈጥን አየሃት?» አልኩት ከድርን። «ሰዋስው ነው ያቀለላት።» ቃሌ ለካ እውነት ነበር።

ስንደርስ ሴቶቹ ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ቆመዋል። ሾፌሩ፣ የኢትዮጵያ ልጅ ነው፣ ወፍራም ቱቦ ትከሻው ላይ ተሸክሞ መሐላቸው ይዞራል።

«ጉድጓዱ የት ነው?» ይላል።

«የምን ጉድጓድ?» ይላሉ ሴቶቹ።

«ከጎዶማ ውኃ ጫን ተብዬ ነው የመጣሁት! ውኃ ተገኘ ብዬ ደስ ብሎኝ ነው እንጂ በባዶ እዚህ ድረስ እነዳ ነበር?»

ዘይነባ ስልኳን አወጣች፣ አየች፣ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። በፕሮግራሟ ውስጥ «ላኪ» የሚለው ቃል ከእኔ በፊት ሥራ ነበረው። እያንዳንዱ ጉዞ ውኃ የሚሰጥ ጉድጓድና የሚወስድ መንደር አለው፤ ጉድጓዱን «ላኪ»፣ መንደሩን «ተቀባይ» ብላ ነበር የሰየመችው። እኔ «አንቺ ላኪ» ያልኩትን ማሽኗ «ላኪዋ» ብላ ሰማችው። ውኃ ላኪ ማን? ጎዶማ። በድርቅ ከተቃጠለች መንደር ውኃ ቅዳ ብላ ባዶ ቦቴ ሰደደች። አማርኛ ካልሆነ በቀር ይህን ቅሌት የሚያመጣ ቋንቋ መኖሩን እጠራጠራለሁ፤ ከእኔ በቀር የሚያመጣው ሰው መኖሩንም እንዲሁ።

ማማ ጉዮ ወደ እኔ መጡ። ረጅም ሴት ናቸው።

«መኩሪያ አንተ ነህ?»

«ነኝ።»

«መኪናን ሴት ያደረግከው?»

«አዎ።»

«ሳሳ፣ አሁን ታዲያ ከእኛ ውኃ ልትወስድ መጣህ? ውሰድ! ፈልግና ውሰድ!» ብለው ባዶ ጀሪካናቸውን እጄ ላይ አኖሩት። አንዲት ሴት መሳቅ ጀመረች፤ ከዚያ ሌላዋ። ከድር መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር የሚስቀው። ዘይነባ ግን አልሳቀችም። ነገ ቅዳሜ ነው።

ቦቴዋ ከተማ ተመልሳ ሞልታ እስክትመጣ ድረስ መጠበቅ ነበረብን። ማማ ጉዮ ከጥላ ሥር ቁጭ አደረጉን። ከድር የጁምዓ ሶላቱን ከመንደሩ ወንዶች ጋር ሰገደ። ከዚያ በግመል ወተት የተፈላ፣ ጭስ ጭስ የሚል ሻይ መጣልን። ውኃው ከየት እንደመጣ አይቻለሁ፦ አንዷ ሴት ጀሪካኗን ዘቅዝቃ፣ ነቅንቃ፣ የመጨረሻዋን ጠብታ ሳይቀር ማሰሮው ውስጥ አደረገችው። በባዶ ቦቴ ለመጣ ሰው! እኔ ቤት ቢሆን ይህን ያደረገ ሰው በር ላይ ቆሞ ይሸኝ ነበር። ሻዩን ግን ጠጣሁት። ማስቀረት ደግሞ የባሰ ነውር ነው።

ኩባያውን ስመልስ «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩ።

ማማ ጉዮ ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «አንተ፣ ደህና አድርገህ እዘዘው። እግዜርም ባዶ ቦቴ እንዳይልክ። ‹ስጥ› ነው ‹ስጪ›?»

ሁሉም ሳቀ። እኔ ደግሞ ማረም አይለቀኝም። «ማማ፣ እግዜር አይታዘዝማ» አልኩ። «ስለዚህ ‹ይስጥ› ነው የሚባለው። ‹ይስጥ› ሲባል ማንም አልታዘዘም። ወንድ ነው ሴት ብሎ መጨነቅ የለም። እንዲሆን የተፈለገው ነገር ብቻ ነው የሚነገረው፤ እንዴት እንደሚሆን ለሰሚው ይተዋል...»

እዚህ ላይ የራሴን ድምፅ ሰማሁት።

የዘይነባ ኩባያ ከአፏ ሳይደርስ ቆሟል። «አጎቴ፣ ድገመው።»

«ይስጥ» አልኩ። «ይድረስ። ውኃ ለጎዶማ ይድረስ።»

«ቢሻን ሃ ገሁ!» አለች በኦሮምኛ። «ማጂ ያፊኬ!» አለች በስዋሂሊ። «ሦስቱም አላቸው! ሦስቱም ማንንም አያዙም!»

ያቺን የዲላዋን ሴትዮ አስታወስኳት። ወራጅ አለ። ዕድሜዬን ሙሉ ወደ ላይኛው ቋንቋ ስወጣ፣ በየደረጃው ያሻሻልኩት አዛዥነቴን ነበር። ትእዛዙን አሳጠርኩት፣ አስዋብኩት፣ አማርኛ አለበስኩት፤ ማዘዙን መተው ግን አልታየኝም።

«ግን ልጄ፣» አልኳት፣ «‹ይድረስ› ብቻ ከተባለች ማሽኗ ብዙ ሥራ አለባት። የትኛው ጉድጓድ፣ የትኛዋ ቦቴ፣ በየትኛው መንገድ፣ ማንም አይነግራትም።»

«እሱማ የእኔ ሥራ ነው» አለች። «እነሱ ይበሉት፣ እኔ ልድከም።»

ከድር ከምንጣፉ ተነስቶ «ይሄ እኮ ፕሮግራም አይደለም፤ ምርቃት ነው» አለ።

ቦቴዋ ሞልታ ስትመጣ ማማ ጉዮ «ላኪ ይክፈተው!» ብለው እኔን ጠሩ። ከዚያ ወዲያ ስሜ ላኪ ሆኖ ቀረ። ቧንቧውን አጠማዝዤ ብከፍተው ጫማዬን፣ ሱሪዬን፣ የባለቤቴን መነጽር ሳይቀር አጠበኝ። ሴቶቹ እልል አሉ፤ ለውኃው ይሁን ለእኔ አልጠየቅኩም።

ቅዳሜ

ዘይነባ ከጎዶማ እንደተመለስን ሥራ ጀምራ፣ ጠዋትም ቀጥላ ነበር። አባቷ ሻይ እያመላለሰ በጣቱ ጫፍ በሩን ይገፋል። እኔን ሰዋስው እንዳልናገር አስምሎኛል።

ከሰዓት በኋላ የማኅበሩ ሽማግሌዎች ከከድር ሱቅ ፊት ለፊት ወንበር ይዘው ተቀመጡ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ዘይነባ እጇን ጉልበቷ ላይ አጣምራ ርቃ ተቀመጠች፤ መንካት አይፈቀድላትም። መጀመሪያ ምንም መልእክት አልገባም። የማኅበሩ ሊቀመንበር ሰዓታቸውን አዩ። ዞር ብዬ መነጽሬን መጥረግ ያዝኩ።

ስልኩ ጮኸ። ከጎዶማ ነው፦ «ውኃ ለጎዶማ ትድረስ።» ማማ ጉዮ ውኃን ሴት አድርገዋታል! አፌን ልከፍት ስል ከድር እግሬን ረገጠው። ማሽኗ ግን አልከፋትም፤ የሚጎድላትን ብቻ ጠየቀች፦ «ስንት ቦቴ?» ማማም «አንድ» አሉ። ጥቂት ቆይቶ ከቦሪ መንደር በኦሮምኛ ገባ፣ ከጎልቦ በስዋሂሊ። እንደዚያው «ስንት ቦቴ?» አለች፤ መለሱላት። ቦቴዎቹ ከየጉድጓዱ ሞልተው ወጡ። ይህን ጊዜ ለዓርቡ ሾፌር ደውለን «ከብዳለች?» ብለን ጠየቅነው። «ዳገቱን እያቃሰተች ነው!» አለን። እንደዚያ ደስ ያለኝ ማቃሰት ሰምቼ አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አሳረፉ። «እንግዲህ በእናቶቹ ቃል ይሂድ» አሉ።

ይሂድ አሉ። አየሃቸው፣ ማንንም አላዘዙም።

ዘይነባ ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች፤ በሩም ተዘጋ። አባቷ ሊከተላት ተነሳና መልሶ ተቀመጠ። «ታልቅስ» አለኝ ቀስ ብሎ።

እሑድ

ከድር ድንበሩ ድረስ ሸኘኝ። የሻይ ቅጠል፣ ማንዳዚ፣ ለባለቤቴ ደግሞ ኪኮይ የሚሉት አንድ ባለ ቀለም ሽርጥ አሸከመኝ። መንገዱን ስሻገር እጄን ይዞ ወዲህም ወዲያም አሳየኝ። ብዙ ለመናገር አስቤ ነበር፤ እሱም እንዲሁ። «መነጽርህን ይዘሃል?» ብቻ አለኝ።

«የእሷን ይዣለሁ።»

«እንግዲያው ምንም አልጠፋብህም» አለና ዞሮ ሄደ፤ ጀርባው እስኪሠወር አየሁት።

አውቶቡሱ ያቤሎን እንዳለፈ ያ ሁሉ ሰው መጣብኝ፦ ዳቦ የቆረሰችልኝ፣ እግሬን ያጠበችኝ፣ በሞተሩ ሊገድለኝ ደርሶ ያሻገረኝ፣ የጀሪካኗን የመጨረሻ ጠብታ በሻይ የሰጠችኝ። ስማቸውን የማላውቀው ይበዛል። ስልኬን አውጥቼ ለዘይነባ ልጽፍ ብዬ፣ በዚያ መነጽር ቁጥሩ ተሳስቶብኝ ለማሽኗ ላክሁት፦

«እግዜር ይስጥልኝ።»

ወዲያው መለሰችልኝ፦

«ስንት ቦቴ?»

ቤቴ ከገባሁ ሰነበትኩ። እስካሁን አልመለስኩላትም፤ ስንት ብዬ እንደምጽፍላት እያሰብኩ ነው።